ሔዋን የላከቻቸው ሽማግሌዎች

ሔዋን ስለ ሽማግሌ የምታውቀው ሁሉ ከሠርግ የተቀዳ ነበር። በአራት ዓመቷ ስቶክሆልም የገባች ልጅ ሌላውን ከየት ታመጣዋለች? እሷ ባየችው ሁሉ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሰዎች አንድ በር ላይ ይቆማሉ፤ ቁጭ በሉ ሲባሉ እንቢ ይላሉ፤ ትንሽ ለምነው፣ ባለቤቶቹ ትንሽ ተግደርድረውባቸው፣ በመጨረሻ እሺ ተብለው በልተው ጠጥተው ይመለሳሉ። እሷን ራሷን ለባሏ ለአምሃ የጠየቋት እንደዚያው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ማለት ለሔዋን «እሺ»ን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እናቷን ወይዘሮ ብርቅአየሁን እሺ ማሰኘት ሲያቅታት ታዲያ ብዙም አላሰበችበትም። ሽማግሌ ላከች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክፍል ነው። ሔዋንና አምሃ ያርፈላ ውስጥ ራድሁስ የሚሉትን ተያይዞ የተሠራ ቤት ሲገዙ፣ ከደጅ እንደተገባ በስተግራ ያለውን ክፍል ሔዋን ገና በመጀመሪያው ቀን «የእማዬ» አለችው። ግድግዳውን እናቷ የምትወደውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቀባችው። ዝቅ ያለ አልጋ ገዛች። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መደገፊያ ብረት አስተከለች። ወይዘሮ ብርቅአየሁ መጡ፤ አዩ፤ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው የበሩን ስፋት ለኩ፤ «ያምራል» አሉ፤ ሻይ ጠጡና በአውቶቡስ ወደ ቴንስታ ተመለሱ። ክፍሉ ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም ባዶውን ቀረ።

ሜትር በኪሳቸው መያዛቸው የሚገርመው እሳቸውን የማያውቅ ሰው ካለ ነው። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ሠላሳ ዓመት የስቶክሆልምን አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ አልተቀመጡም። ጠዋት ቴንስታ ገንዳ ሄደው ይዋኛሉ፤ እሑድ የማኅበሩን ሚኒባስ እየነዱ የደከሙ ምእመናንን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። በማታ ኮርስ እንጨት ሥራ ከተማሩ ወዲህ ደግሞ የእሳቸው እጅ የሠራው በርጩማ ያልገባበት የሐበሻ ቤት ከሁስቢ እስከ ቮርቢ ጎርድ አይገኝም። መጋዛቸው የሚጮኸው አራተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ስለሆነ ከሥር የሚኖረው ጎረቤት ብቻ በርጩማ አልተሰጠውም። ቢሰጠውም የሚቀበል አይመስልም፤ ለአከራዩ ስሞታ ማቅረብ ሥራው ሆኗል።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ፣ የልጃቸው ቤት ምሳ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ቤት አግኝቻለሁ፤ ሶደርማልም ነው፤ የሚመጣው ሳይሆን እስከሚቀጥለው አርብ መልስ ስጪ ብለውኛል» ያሉት።

ሔዋን የምን ቤት እንደሆነ ጠየቀች። እናቷ አስረዷት። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሰዎች ተሰባስበው የሚኖሩበት ሕንፃ ነው። ሁሉም የራሱ አፓርታማ፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ምሽት ምሽት ግን ምድር ቤቱ አዳራሽ አብሮ ይበላል፤ ምግቡንም ነዋሪዎቹ ቡድን ተከፋፍለው በተራ ያበስላሉ። ከሥር ደግሞ ስኒከሪ አለ፣ የእንጨት መሥሪያ፤ ማሽኑ የፈለገውን ቢጮህ ማንም አይቆጣም። ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ኤልድሬቦየንደ ልትገቢ ነው?» አለች ሔዋን በስዊድንኛ።

«የሽማግሌ መጦሪያ አይደለም አልኩሽ እኮ። እዚያ የደከመ ሰው አይቀበሉም። ሽንኩርት መክተፍ የሚችል ነው የሚፈልጉት።»

«ክፍልሽስ?»

«ክፍሉ ያምራል» አሉ እናቷ፤ ልክ እንደ በፊቱ።

ያን ቀን ሔዋን ምግብ አልበላ አላት። ሰው ምን ይላል የሚለው አንዱ ነገር ነው። ወሬው ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነበር። አንዲት ሴትዮ እጇን ይዘው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሥራ አለብሽ፣ ልጆች አሉብሽ፣ ምን ታደርጊ» አሏት፤ እናቷን በር ላይ ጥላ እንደመጣች ዓይነት። ይህ አሳፈራት። ከዚህ የባሰው ግን ማንም የማያውቀው ነበር። አንድ ሰው ለእናቱ ክፍል ቀብቶ፣ አልጋ አንጥፎ፣ እናቱ ከማታውቃቸው ፈረንጆች ጋር ሽንኩርት ልትከትፍ ስትሄድ፣ ያ ሰው ምን ይሰማዋል? ሔዋን እንዳልተፈለገች ተሰማት። በአርባ ዓመቷ፣ የቡድን መሪ ሆና፣ ሕፃን ልጅ የሚያምመው ዓይነት ሕመም አመማት።

ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ተከራከረች። እሷ በስዊድንኛ፣ እናቷ በአማርኛ፤ አንዱም ወገን አንድ እርምጃ አልተነቃነቀም። ቀኑ እየገፋ ሲመጣ ለአቶ ሲራክ ደወለች።

አቶ ሲራክ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው። እሷን ለአምሃ ሲጠይቁ ከፊት ሆነው የተናገሩትም እሳቸው ነበሩ። ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ነገሩን ለእኛ ሰጥተሽናል ማለት ነው?» አሏት።

«አዎ ጋሼ።»

«የወሰንነውን ትቀበያለሻ?»

«አዎ፣ አዎ» አለች፤ መኪና እያቆመች ስለነበር አንድ ዓይኗ ከኋላው መስታወት ላይ ነበር። የተናገረችው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቀችው እሑድ ነው።

እሑድ ከሰዓት አቶ ሲራክ፣ አቶ ብርሃነ ሥላሴና ከሁስቢ የመጡት የወሎው ሐጂ ኡስማን ቴንስታ ወይዘሮ ብርቅአየሁ ቤት ሲገቡ፣ ሔዋን እታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብላ ቡለ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ትበላ ነበር። ላኪ ከተላኪ ጋር አይገባም፤ ይህን ያህልስ ታውቃለች። ቁጭ በሉ ሲባሉ እንቢ ሲሉ፣ እናቷ ስትግደረደር፣ ከዚያ እሺ ስትል በሐሳቧ እየሳለች ጠበቀች። የአልጋ ልብሱን ማጠብ እንዳለባት ሁሉ አሰበች። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ።

«ነይ ውጪ» አሉ አቶ ሲራክ።

«እኔ? እኔ ምን ላደርግ?»

«ከሳሽዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ያለ ከሳሽ ምን እንሰማለን!»

አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ቡለው ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ታለከልካለች። ይህን ደረጃ እናቷ ሳንቃ ተሸክማ እንደምትወጣው ትዝ አላት፤ ብዙም አልወደደችውም።

ገብታ ስታይ ግን ደስ አላት። ሦስቱም ሽማግሌዎች በእናቷ በርጩማዎች ላይ ተቀምጠዋል! ተቀመጡ ማለት እሺ ተባሉ ማለት ነው። ፊቷ በራ። «ታክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሺ አለች አይደል?» አለች።

ሐጂ ኡስማን ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። «ሽማግሌ የሚቆመው ሊለምን ሲመጣ ነው የኔ ልጅ። ሊዳኝ ሲመጣ ይቀመጣል።»

ምን ይዋጣት! ሔዋን የላከችው ለማኝ ነበር፤ የመጣላት ዳኛ ሆነ። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሶፋው ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ግን እንደ ባለጉዳይ ቀጥ ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ገና በር ላይ ሳሉ «ለእርቅ ከሆነ የመጣችሁት ቁጭ በሉ፣ ልጄም ትምጣ፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» ብለው ሥርዓቱን ያስያዙት እሳቸው ነበሩ።

«ተናገሪ» አሉ አቶ ሲራክ። «እናትሽ ምን በደለችሽ?»

ሔዋን በስዊድንኛ ጀመረች። አቶ ብርሃነ ሥላሴ እጃቸውን አነሡ። «ስዊድንኛውን ለኮሙዩን መሥሪያ ቤት እናቆየው። እዚህ በአማርኛ ነው።»

በአማርኛ ደግሞ የሔዋን ቃላት ጥቂት ናቸው። በስዊድንኛ ሳምንት ሙሉ ስታስረዳው የከረመችው ኃላፊነት፣ ደኅንነት፣ የወደፊት ዕቅድ፣ ሁሉም ጥሏት ጠፋ። ልጅ ሆና የተማረችው አማርኛ ብቻ ቀረላት።

«ቤቴ ውስጥ ክፍል አለ» አለች። «እኔ ነኝ የቀባሁት። ባዶ ነው። እሷ እኔን ትታ ሰው ጋ ትሄዳለች። እኔ እናቴን እፈልጋለሁ። በቃ።» ከዚያ በኋላ አለቀሰች።

አቶ ብርሃነ ሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ተነሥተው ልጃቸውን ሊያቅፉ ፈልገው፣ ሥርዓቱ ስላላለቀ መልሰው ተቀመጡ።

«መልስ አለዎት?» አሏቸው አቶ ሲራክ።

«አለኝ። ልጄ ምንም አላጠፋችም፤ እሱን አስቀድሙልኝ። ክፍሉም ያምራል። በሩን ለክቼዋለሁ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በደንብ ያስገባል። ልጄ ለተሽከርካሪ ወንበሬ ክፍል አዘጋጅታለች፤ እግዜር ይስጣት። እኔ ግን ገና በእግሬ እየሄድኩ ነው።»

ሐጂ ኡስማን ሳል መጣባቸው፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል።

«እነሱ ቤት ጠዋት ሁላቸውም ይወጣሉ» ብለው ቀጠሉ ወይዘሮ ብርቅአየሁ። «ማታ ይመለሳሉ። እኔ በመሐሉ መስኮት ላይ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሬ፣ አሁን ጠባቂ ልሁን? አልችልበትም። መድከም እንደሆነ አይቀርም፣ ይደክመኛል። ግን ደክሞኝ ሰው ከምለምድ፣ ሳልደክም ገብቼ፣ አብስዬ፣ ወንበራቸውን ጠግኜላቸው፣ ሰው ካወቀኝ በኋላ ይድከመኝ። ልጄም ወደ እኔ ስትመጣ ናፍቃኝ ትምጣ እንጂ ተራዋ ስለደረሰ አትምጣ።»

ሔዋን ቀና አለች። ይህን ሁሉ ሰምታው አታውቅም ነበር። ወይም እናቷ ሲናገሩ እሷ መልስ እያዘጋጀች ስለነበር አልገባትም።

«ሌላም አለኝ» አሉ እናቷ፤ ወደ አቶ ሲራክ ዞረው። «አቶ ሲራክ፣ እዚህ በር ላይ ቆመው የነበረ ጊዜ፣ በአምሃ ምክንያት፣ ምን ነበር ያሉኝ?»

«ልጅዎን ይስጡን ነው ያልነው።»

«እኔስ?»

«ተማክሬ ልንገራችሁ ብለው ቀጠሮ ሰጡን፤ ያውም በዚያ በረዶ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰጡን።»

«ሰጠሁ። ባሌ ሞቷል፣ ከእሷ ሌላ በዚህ አገር ማንም የለኝም፤ አንድ ልጄን ሰጠሁ። ያን ማታ ብቻዬን እዚህ ሶፋ ላይ ሳለቅስ ማንም አላየኝም። ግን ጠፋችብኝ? ይኸው ባል አግብታ፣ ወልዳ፣ ከበፊቱ በልጣ መጣችልኝ። ያኔ አንድም ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ልጅሽን ለባዕድ አትስጪ ያለኝ የለም።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «አሁን ተራው የእሷ ነው። ዝም ብዬ መሄድ እችላለሁ፤ የሶደርማልሙ ቤት የተሰጠው በስሜ ነው። ግን እንደ ኮበለለች ልጅ ሻንጣዬን ይዤ መውጣት አልፈልግም። ልጄ ሰጥታኝ ነው መሄድ የምፈልገው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተነሥተው በረንዳው ላይ በመጋዝ ብናኝ መሐል ቆመው መከሩ። ብዙም አልቆዩም። ሲመለሱ አንዳቸውም በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። መጥተው ሔዋን ፊት በሰልፍ ቆሙ፤ አቶ ሲራክ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጃችን ሔዋን፣ የመጣንበት ጉዳይ አለን።»

ሔዋን ግራ ቀኝ አየች። «ቁ... ቁጭ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ወይዘሮ ብርቅአየሁን ስጪን።»

«እኔ ነኝ እኮ የላክኋችሁ!»

«ልከሽን ነበር» አሉ ሐጂ ኡስማን። «የወሰናችሁትን እቀበላለሁ ብለሽ ነገሩን ሰጠሽን። እኛ የወሰንነው ደግሞ ልንለምንሽ ነው።»

ሔዋን እናቷን አየች። እናቷ ጣሪያውን ያያሉ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ እሺ ሲባሉም እንቢ ሲባሉም የሚሄዱበት መንገድ እያላቸው፣ እዚያ ሶፋ ጫፍ ላይ የእሷን ቃል እየጠበቁ ነበር። ሔዋን ከሠርጉ ታሪክ የምታስታውሰውን አንድ ዓረፍተ ነገር አወጣች።

«ተማክሬ ልንገራችሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። አቶ ብርሃነ ሥላሴ ግድግዳ ተደገፉ። ትክክለኛው መልስ ይኸው ነበር፤ አንዲት ቃል አልጎደለውም። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ፣ ያርፈላ፣ ሔዋን ቤት። አርብ የመጨረሻው ቀን ነው።

ረቡዕ እናቷ ደወሉ። «የሙሽራውን ቤት ሳታዪ ልትሰጪኝ ነው እንዴ? እራት ነይ።»

ሔዋን ሶደርማልም ሄደች። እንቢ የምትልበትን ምክንያት ለማግኘት እንደሄደች መደበቅ አያስፈልግም። የመድኃኒት ሽታ ጠበቀች፤ አዳራሹ የተጠበሰ ዓሣና ዲል የሚባለው ቅጠል ሽታ ሸተታት። ደብዛዛ ኮሪደር ጠበቀች፤ አንድ ሽበታም ሰውዬ ብስክሌት እየገፉ «ይቅርታ፣ አሳልፊኝ» አሏት። እናቷን ጠየቀች። ወጥ ቤት ናቸው አሏት።

በመስታወቱ በር አየቻቸው። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ሽርጥ አሥረው የተቀቀለ ድንች ይጨፈልቃሉ። አጠገባቸው ያለው ረጅም ሰውዬ የሆነ ነገር ሲላቸው እናቷ በስዊድንኛ መለሱለት፤ ወጥ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቷ በስዊድንኛ ሰው ታሥቃለች? እሷ የምታውቀው የእናቷ ስዊድንኛ ከሥራ ደክሞ የሚመለስ፣ ከትምህርት ቤትና ከባንክ ጋር አጭር አጭር የሚነጋገር ነበር። ይህቺን ሴት አታውቃትም። ልታውቃት ወደደች።

እራት ላይ አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እናትሽ እሺ ትለናለች? ስኒከሪው ውስጥ ያለው ትልቁ መጋዝ ስንት ጊዜ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር መሰለሽ፤ ባለፈው ለጉብኝት መጥታ አስነሣችው። ሁላችንም ይኸው» ብለው፣ በአገራቸው ልማድ መልካም ነገር የሚመኝ ሰው እንደሚያደርገው፣ አውራ ጣታቸውን ጨብጠው አሳዩዋት።

ሔዋን ያን ጊዜ የተሰማት ነገር ኩራት ነው። ሰው ሁሉ ለእናቷ ሲያዝን ከርሞ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እናቷን ይለምናል። በእሷ ቢጫ ክፍል ውስጥ ይህቺ ሴት ምን ልትሆን ነበር? ሻይ የሚቀርብላት እንግዳ ነበር የምትሆነው። እዚህ ግን ገና ሳትገባ የቤቱ ባለቤት ሆናለች። ሔዋን እናቷን አደነቀች፤ ማድነቅ ብቻ አይደለም፣ እኔም እንዲህ ባረጅ ብላ ተመኘች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ ግን ትንሽ አለቀሰች። ልክ ነው ብሎ ማመን ሆድን አያጽናናም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። አምሃ የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይገባው ከረባት አሥሮ በሩን ከፈተ። ቁጭ በሉ ተባሉ፤ እንቢ አሉ። ሔዋን እናቷ ያኔ እንዳደረጉት ጥቂት አስቆመቻቸው፤ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ጉልበታቸውን ማሸት ሲጀምሩ ግን አሳዘኗት።

«ቃል አለኝ» አለች በአማርኛ። ሌሊቱን ስትለማመደው ነው ያደረችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እኛ ጋ ነው። ክፍሉም የእሷ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም። ደግሞ የደከማት ቀን መጀመሪያ የሚነገረኝ እኔ ነኝ። ፈረንጆቹ ሳያውቁ እኔ ማወቅ አለብኝ።»

«ፍትሐዊ ነው» አሉ ሐጂ ኡስማን።

«ቃል እንገባልሻለን» አሉ አቶ ሲራክ። «እህስ?»

ለሔዋን የቀራት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ ያኔ ምን ያህል እንደከበዳቸው ገባት።

«ሰጥቻለሁ» አለች።

ገና አፏን ሳትዘጋ ከበሩ በስተግራ ካለው ክፍል እልልታ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ዞሩ፤ አምሃ ብቻ አልደነገጠም፣ ከሰዓት ለአማቱ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነበርና። ስትጠየቅ ልጅቷ ጓዳ ሆና ነው የምትሰማው፤ ወይዘሮ ብርቅአየሁም በአውቶቡስ ቀድመው መጥተው፣ ቢጫው ክፍል ገብተው፣ በሩን ዘግተው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ሔዋን በሩን ከፈተችው። እናቷ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ ማንም ተኝቶበት የማያውቀው ዝቅተኛ አልጋ ጫፍ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። እንባቸው ይወርዳል፤ እልልታው ግን አልተቋረጠም።

ሔዋን በዕድሜዋ እልል ብላ አታውቅም፤ በሠርጓ ቀን እንኳ ሞክራው እንቢ ብሏት ነበር። አልጋው ላይ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ምላሷን አንሥታ ሞከረችው።